ጋን በጠጠር፦ ከኮንሶ ካብ እስከ ታከር ቀይ አፈር

ከአትላንታ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ታከር፣ በ1892 የባቡር ሐዲድ ሲያልፍባት የተቆረቆረች፣ ራሷን የቻለች ከተማ ለመባል ግን እስከ 2016 የጠበቀች የዲካልብ ካውንቲ ከተማ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1980ዎቹ ጀምሮ በጎረቤቷ በክላርክስተን ከሰፈሩት ስደተኞች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙ ነበሩ። ኑሮ ሲደላደልና ልጆች ሲያድጉ የቤት ፍለጋው ወደ ታከር፣ ወደ ስቶን ማውንቴንና ከዚያም ወዲያ ተዘረጋ። የሚገዛው ቤት ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት የተሠራ፣ ከፊት ሲያዩት አንድ ፎቅ ከኋላ ሲያዩት ሁለት የሆነ፣ ቤዝመንቱ በከፊል ተዳፋት ውስጥ የተቀበረ ነው። ግቢው ሜዳ አይደለም። መኪና ማቆሚያ ለማውጣት ተዳፋቱ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው አፈር ደግሞ ተመልሶ እንዳይናድ አንድ ነገር ይዞታል፤ አሮጌ የሐዲድ እንጨት፣ የሲሚንቶ ብሎኬት ወይም ድንጋይ።

ቤት ገዢ ጣሪያውን ያስመረምራል፤ ማሞቂያውን፣ ቧንቧውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ያስፈትሻል። ግቢው ውስጥ ያለውን ያን ግንብ ግን እንደ አጥር ቆጥሮት ያልፋል። አጥርና የአፈር መደገፊያ ግንብ መልካቸው እንጂ ሥራቸው አይገናኝም። አጥር የሚሸከመው ራሱን ነው። መደገፊያ ግንብ ግን ቀንም ሌትም ከጀርባው የሚገፋው አለ። የተለመደው የአሜሪካ የቤት መድን ውል የመሬት መንቀሳቀስ ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍንም፤ ግንቡ የተናደበት ሰው ይህን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከተናደበት በኋላ ነው።

ግንቡን የሚገፋው አፈር ምን ዓይነት ነው? የታከር መሬት በብረት ዝገት የቀላ ነው። ከሲዳማ ወይም ከጅማ ለሄደ ሰው ቀለሙ እንግዳ አይሆንበትም። ግራናይትና ግኔስ የሚባሉት ድንጋዮች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ዝናብና ሙቀት እየበሰበሱ ባሉበት ቦታ አፈር ሆነዋል፤ ጎርፍ ከሌላ ቦታ ያመጣው አይደለም። ከላይ ቀይ ሸክላ ነው። ወደ ታች ሲቆፈር አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ማይካ ያብለጨልጭበታል፤ ከዚያ በታች መልኩ ድንጋይ፣ ጥንካሬው ግን በእጅ የሚፈረፈር አፈር የሆነ ንብርብር ይመጣል። ጂኦሎጂስቶች ሳፕሮላይት ይሉታል። በጆርጂያ ቴክ ለብዙ ዘመን ያስተማረው ጆርጅ ሳወርስ በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ይህን አፈር መላልሶ ያጠናው፣ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ካለው አሸዋም ሆነ ሸክላ ጋር አልመሳሰል ስላለው ነው። የእናት ድንጋዩ ስንጥቆች በአፈሩ ውስጥ እንዳሉ ቀርተዋል። ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ጠንካራ ሆኖ ይለካል፤ ሜዳ ላይ ግን አፈሩ በአሮጌው ስንጥቅ መስመር ሙልጭ ብሎ ይወርዳል።

ደግሞም ይህ ቀይነት ሁልጊዜ ከላይ አልነበረም። ታከር የምትገኝበት ፒድሞንት የሚባለው አገር በመጀመሪያ በባሪያ ጉልበት፣ ከዚያም በእኩል አራሽ ጉልበት ጥጥ ሲታረስበት ኖሯል። ስታንሊ ትሪምብል የተባለው የመልክዓ ምድር ምሁር በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ የደቡቡ ፒድሞንት ከ1700 ወዲህ በአማካይ 7 ኢንች፣ ማለትም 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የላይ አፈሩን በጎርፍ እንዳጣ ገምቷል። የፌዴራሉ መንግሥት የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው በ1935 ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የተሻለው አፈር ወንዝ ገብቷል። የዛሬዎቹ ሰፈሮች የቆሙት ቆዳው በተገፈፈ መሬት ላይ ነው። ሰሜን ሸዋን ወይም ወሎን ያየ ሰው ለዚህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የዚህ ቀይ አፈር ትልቁ ተንኮል ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። የሁለት ሰው ቁመት ያህል ቆርጠው ቢተዉት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ንቅንቅ አይልም። ቆፋሪው ያምነዋል። የያዘው ግን በአብዛኛው በሸክላው ቅንጣቶች መካከል የቀረው ጥቂት እርጥበት የሚፈጥረው መሳሳብ ነው፤ ብዙ ውሃ ሲገባ መሳሳቡ ይጠፋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለዚህም ይሠራል። ታዲያ አፈርን በእውነት የሚይዘው ምንድን ነው? መሐንዲስስ ስንት ብሎ ይገምተዋል? ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ የመጀመሪያው ጠንካራ ሙከራ የተጀመረው በአንዲት የካሪቢያን ደሴት ምሽግ ላይ ነው።

ሻርል ኦጉስተን ደ ኩሎምብ ዛሬ የሚታወቀው በኤሌክትሪክ ሕጉ ነው። ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ኩሎምብ የኤሌክትሪክ መስፈሪያ ሆኗል። በ1764 ማርቲኒክ ሲደርስ ግን የ27 ዓመት ወጣት የጦር መሐንዲስ ነበር። እንግሊዝ ደሴቲቱን በ1762 ይዛ፣ በሚቀጥለው ዓመት በውል መልሳ ነበር። ፈረንሳይም ሁለተኛ እንዳትደፈር ከወደቡ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ፎርት ቡርቦን የተባለ ምሽግ መሥራት ጀመረች። ማርቲኒክ በባሪያ ጉልበት የምትኖር የስኳር ቅኝ ግዛት ነበረች፤ የሒሳቡ ታሪክ ሲተረክ ድንጋዩን ወደ ኮረብታው ያወጣው ትከሻ የማን እንደነበረ አይነሳም። ኩሎምብ በዚያ ስምንት ዓመት ሠርቶ፣ ጤናውን አጥቶ፣ በ1772 ወደ አገሩ ተመለሰ። በዓመቱ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያነበበው ጽሑፍ በ1776 ታተመ።

ምሽግ ማለት በአብዛኛው አፈርና አፈርን የያዘ ግንብ ነው። ከኩሎምብ በፊትም ግንብ ይሠራ ነበር፤ የሉዊ ዐሥራ አራተኛው የምሽግ ሊቅ ቮባን ቁመት ይህን ያህል ሲሆን ውፍረት ይህን ያህል ይሁን የሚል ደንብ ትቶ ነበር። ደንቡ ከልምድ የመጣና በጎ ደንብ ነው። ለምን እንደሚሠራ ግን አይናገርም፤ አፈሩ ሲለወጥ ምን ማድረግ እንደሚገባም አይመክርም።

የኩሎምብ ሐሳብ አውድማ ላይ ቆሞ ላየ ሰው ይገባል። ስንዴ ወይም ጤፍ ከላይ ሲፈስ ክምሩ ያድጋል፤ ጎኑ ግን ከተወሰነ ቁልቁለት በላይ አይቆምም። ጨምረው ቢያፈሱ ትርፉ እየተንሸራተተ እግሩን ያሰፋል። ያን ቁልቁለት የሚወስነው በፍሬና በፍሬ መካከል ያለው፣ የፊዚክስ መጽሐፍ ሰበቃ የሚለው መፋተግ ነው። ደረቅ አሸዋም እንደዚሁ 30 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። አሁን ከክምሩ አጠገብ ሳንቃ አቁመን ከጀርባው ቀጥ አድርገን እንሙላው። ሳንቃው ሲነሳ ሁሉም እህል አይወርድም። የሚወርደው ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ፣ እንደ ሽብልቅ ያለ ቁራጭ ብቻ ነው። ኩሎምብ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ሽብልቁ በየትኛው መስመር ሊቆረጥ እንደሚችል አይታወቅምና፣ ሊሆኑ የሚችሉትን መስመሮች ሁሉ አስቦ፣ ከሁሉ ይልቅ ግንቡን የሚገፋውን መርጦ አወጣ። ግንቡ ያን ከቻለ ሌላውን ሁሉ ይችላል። አፈር በሰበቃና በመጣበቅ እንደሚያዝም ለይቶ አስቀመጠ፤ አዲስ ተቆፍሮ በተሞላ አፈር ላይ ግን በመጣበቁ አልተማመነም። በ250 ዓመት ውስጥ ብዙ ቀይ አፈር ቆፋሪዎች ይህችን ጥንቃቄ ቢይዟት በሕይወት በቆዩ ነበር።

የስኮትላንዱ ዊልያም ራንኪን በ1857 ነገሩን አቅልሎ፣ ዛሬም የምህንድስና ተማሪ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ዓመቱ የሚሸመድደውን ቀመር አወጣ። ቀመሩ የሚለው ይህ ነው፦ የሰበቃው ማዕዘን 30 ዲግሪ የሆነ አፈር ወደ ጎን የሚገፋው ወደ ታች ከሚጫነው አንድ ሦስተኛውን ነው። በቁጥር እንየው። ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንብ፣ ከጀርባው አንዱ ሜትር ኩብ 1.8 ቶን የሚመዝን ደረቅ አሸዋማ አፈር ቢኖር፣ በእያንዳንዱ የግንብ ሜትር ላይ የሚያርፈው ግፊት 2.7 ቶን ነው። ቁመቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ግንቡን ከእግሩ ነቅሎ ሊጥል የሚሞክረው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ። ጎረቤቱ 1 ሜትር የሠራውን አይቶ 2 ሜትር የሚያቆም ሰው ዋጋውን በእጥፍ ገምቶ ከሆነ ነገሩ አልገባውም።

መሐንዲሶች ብዙ የሚከራከሩት በዚያ ማዕዘን ላይ ነው፤ አፈር ብረት አይደለምና ፋብሪካው ጥንካሬውን ጽፎ አይልከውም። ናሙና ይወጣና ለሁለት በተከፈለ ሳጥን ውስጥ ይጨመራል፤ ከላይ ክብደት ይጫንበታል፤ የላይኛው ግማሽ በታችኛው ላይ ሲገፋ ስንት ኃይል እንደጠየቀ ይለካል። ወይም 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ አንድ ቱቦ መሬት ውስጥ ይመታል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል፤ ከምቱ ቁጥር ማዕዘኑ ይገመታል። አንዱ 28 ይላል፣ ሌላው 32። ክርክሩ ዋጋ ቢስ አይደለም፤ በላይኛው ምሳሌ በ28 ዲግሪ ግፊቱ 2.9 ቶን፣ በ32 ዲግሪ 2.5 ቶን ይሆናል።

አሁን ደግሞ ከዚያው ግንብ ጀርባ ውሃ ሞልቶ መውጫ አጣ እንበል። አፈሩ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ይቀልና የራሱ ግፊት ወደ 1.5 ቶን ይወርዳል። ውሃው ግን ሰበቃ የለውም፤ ወደ ጎን የሚገፋው ወደ ታች በሚጫነው ልክ ነው፣ ምንም ቅናሽ የለም። እሱ ለብቻው 4.5 ቶን ይጨምራል። ድምሩ 6 ቶን ነው። በማዕዘኑ የተከራከሩት ሁለቱ መሐንዲሶች የተለያዩት በ0.4 ቶን ነበር፤ ማንም ያልተከራከረበት ውሃ 3.3 ቶን ይዞ መጣ።

ውሃ ክብደት ብቻ ሳይሆን ሰበቃውንም የሚሰርቅ መሆኑን በሚገባ ያስረዳው ካርል ተርዛጊ ነው። በ1883 ፕራግ የተወለደው ይህ ኦስትሪያዊ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ማብቂያና ተከታዮቹን ዓመታት ያሳለፈው ኢስታንቡል ውስጥ በማስተማር ነው። ገንዘብም መሣሪያም በሌለበት፣ በራሱ እጅ በሠራቸው ዕቃዎች ሸክላን ሲጭን፣ ሲያደርቅና ሲያረጥብ ቆይቶ በ1925 የአፈርን ሳይንስ የመሠረተውን መጽሐፍ አሳተመ። ግኝቱ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ሁለት የአፈር ቅንጣቶች የሚፋተጉት እርስ በርስ በተጫኑት ልክ ነው። በመካከላቸው ያለው ውሃ ግፊት ሲያገኝ የሸክሙን ከፊል ይቀበላል፤ ቅንጣቶቹ ይላላሉ፤ ሰበቃው ይቀንሳል። አፈሩ አልተለወጠም፣ ማዕዘኑም ያው ነው፣ መያዣው ግን ላልቷል። በ1936 ሃርቫርድ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአፈር ሜካኒክስ ጉባኤ ይህን እንደ መርህ አቀረበው።

ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ በትልቅ የሙከራ ግንብ ላይ ያረጋገጠው ሌላም ነገር አለ። ግፊቱ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚወርደው ግንቡ ጥቂት ወደ ፊት ሲል ነው፤ ለ3 ሜትር ግንብ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጭራሽ ንቅንቅ የማይል ግንብ ላይ ግፊቱ ከግማሽ አይወርድም። ይህ ለታከር ቤቶች ትርጉም አለው። የቤዝመንት ግድግዳ ከላይ በወለሉ የታሰረ ነው፤ ዘንበል ብሎ ሸክሙን ሊያቃልል አይችልም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ካለው ግንብ ይልቅ በቁመቱ ልክ የሚገፋው ቤዝመንቱ ነው። በግድግዳው መሀል አግድም የሄደ ስንጥቅ የቀለም ጉዳይ አይደለም፤ ምሳሌው ግንብ ላይ ያየነው ዓይነት ግፊት ቤት ውስጥ ገብቶ የጻፈው ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ታሪክ ነው። ያለ ወረቀት የተሠራ ሌላ ታሪክ አለ፤ ለዚያ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መሄድ ያስፈልጋል።

አማርኛ ግንብና ካብን ይለያል። ግንብ ድንጋዩ በጭቃ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ይያያዛል፤ ካብ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ በደረቁ የሚደረደር ነው። የኮንሶ እርከኖች ካብ ናቸው። ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ የዘለቀ ባህል መሆኑን ጠቅሷል። አገሩ ደረቅ፣ ቁልቁለትና ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡ ጥቂት ነው፣ ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ካቡ ሁለት የሚቃረኑ ነገሮች ይጠየቃል፤ ለማሽላው ውሃ ያዝ፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ልቀቅ። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት አፈሩን ይዞ ውሃውን ያስተነፍሳል። የተረፈው ደግሞ በተዘጋጀለት መውረጃ ወደ ታችኛው እርከን ይሄዳል። ካቡ በአንዳንድ ቦታ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከጀርባው ግን የታመቀ ውሃ የለም። ተርዛጊ ኢስታንቡል ላይ የለካውን ነገር የኮንሶ ገበሬ በሌላ መንገድ ያውቀዋል።

ይህን ሲሰሙ የጥንት ጥበብ ከሳይንስ ይበልጣል ብሎ መደምደም የሚወዱ አሉ። አይበልጥም። ካብ ይናዳል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ኮንሶ ውስጥ የወደቀ ካብ ማየት ብርቅ አይደለም። ልዩነቱ የወደቀው ድንጋይ እዚያው መኖሩ፣ የሚያነሳው ሰውም እዚያው መኖሩ ነው። ጥገናው የማኅበረሰቡ የጋራ ሥራ ነው፤ ልጅ ከአባቱ እርሻ ጋር የመካብ ሙያም ይወርሳል። የኩሎምብ ግንብ ግን አንድ ጊዜ ተሰልቶ፣ ተሠርቶ፣ ርክክብ ተፈርሞ የሚተው ነው። ከተማ የሚገነባው በሁለተኛው መንገድ ነው፤ የሚጎድለውም ከመጀመሪያው ያለው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ በዓይን ይታያል። ግንበኛው በአማረ ጥቁር ድንጋይ፣ በሲሚንቶ መገጣጠሚያው ተሞልቶ፣ ጠብታ እንዳያሳልፍ አድርጎ ይሠራል። ግንቡ ፊት ላይ በየተወሰነ ርቀት የፕላስቲክ ቱቦ ጫፍ ብቅ ይላል፤ የውሃ ማስወጫ ነው። ቱቦው ከጀርባው የጠጠር ንጣፍ ካለው ይሠራል። ተቆፍሮ የወጣው አፈር ራሱ ተመልሶ የተደለደለበት ከሆነ ግን ቱቦው ጌጥ ነው፤ ሸክላው በአንድ ክረምት ይደፍነዋል። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ እንዳለው ያለ ጥቁር መረሬ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ማበጡም ራሱን የቻለ ግፊት ነው። ጠጠር የሚገዛበትና አፈር የሚቀየርበት ገንዘብ ሥራው ሲያልቅ የማይታይ ገንዘብ ነው፤ ወጪ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለው ተረት ትንሹ ትልቁን ይረዳል ለማለት ነው የሚነገረው። ለግንብ ግን ቃል በቃል እውነት ነው።

ግንብ በሌለበት ተዳፋትም ሒሳቡ አይለወጥም፤ ሽብልቁ ይተልቃል እንጂ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ኮረብታው ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት አካፋና መቆፈሪያ ይዞ፣ የሌለውም በእጁ፣ የተቀበረውን ለማውጣት ሮጠ። በዚያ መካከል ተዳፋቱ ሁለተኛ ተናደ፤ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለማዳን የመጡት ነበሩ። የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላይ የቀረውን አፈር እግሩን ቆርጦት ነበር፤ ውሃውም አልወጣም። ይህን ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ናዳ ማብቂያ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። ያን ዕለት ግን እዚያ ያለው ሰው የሚያውቀው ጎረቤት ሲቀበር መቆፈርን ነው። የአፈር ሰበቃ ዕውቀት በዩኒቨርሲቲና በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ታጥሮ የቀረባት አገር፣ ዕውቀቱ ለቀበሌ ባለመድረሱ የከፈለችው ዋጋ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሃያኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የግንብ ታሪክ ያልተጠበቀ መታጠፊያ አለው። ከኩሎምብ ጀምሮ አፈር ገፊ፣ ግንብ ተገፊ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ቪዳል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን ገለበጠው። በአፈሩ ውስጥ በየንብርብሩ ቀጫጭን የብረት ጥብጣቦች ቢቀበሩ፣ አፈሩ ራሱ በሰበቃ ጥብጣቡን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ጥብጣቡ ደግሞ አፈሩን እንዳይለያይ ያደርገዋል። ግፊያ የነበረው ሰበቃ ማሰሪያ ሆነ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሐሳቡ ሩቅ አይደለም፤ ጭቃ ቤት ሲመረግ ጭዱ የሚገባው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ግንብ በ1972 ካሊፎርኒያ ተሠራ። ዛሬ በታከር ጎን በሚያልፈው አትላንታን በሚዞረው 285 አውራ ጎዳና፣ በድልድዮች ራስጌ የሚታዩት እንደ ንጣፍ የተገጣጠሙ የሲሚንቶ ገጾች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ገጹ አይሸከምም፤ የሚሸከመው ከጀርባው ያለው ጥብጣብና አፈር ነው።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ሐሳቡ ወደ መኖሪያ ግቢም ወርዷል። በየግንባታ ዕቃ መደብሩ የሚሸጠው የግቢ ብሎኬት ያለ ሲሚንቶ አንዱ በሌላው ላይ እየተነከሰ ይደረደራል፤ ቁመቱ ሲጨምር በየንብርብሩ የፕላስቲክ መረብ ወደ አፈሩ ይዘረጋል፤ ከጀርባው ጠጠር ይሞላል፤ ከእግሩ ስር የተቦረቦረ ቱቦ ይቀበራል። በብሎኬቶቹ መገጣጠሚያ ውሃ ያልፋል። ፋብሪካ ሠራውና ዋስትና ሰጠው እንጂ ነገሩ ካብ ነው። አንድ የኮንሶ ሰው ቢያየው ስለ ድንጋዩ መመሳሰል ይገረም ይሆናል እንጂ ስለ አሠራሩ የሚጠይቀው ብዙ አይኖርም።

በታከር አሮጌ ግቢዎች ያለው ግን ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ነው። የሐዲዱ እንጨት ከመሬት ጋር የነካካው ጎን ይበሰብሳል፤ ፊቱ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ብሎኬቱ ግንብ ሆዱን ይነፋል። አትላንታ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከአዲስ አበባው ብዙ አይርቅም፤ ክረምት ጠብቆ አይመጣም እንጂ፣ ዓመቱን ሙሉ የተበተነ ነው። ተዳፋቱን የሚፈትነው ግን አማካዩ አይደለም። በሴፕቴምበር 2024 የሄሊን አውሎ ነፋስ ሲያልፍ በአትላንታ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ11 ኢንች በላይ፣ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘነበ። እንዲህ ባለ ቀን ከጀርባው ጠጠር ያለው ግንብ እና የሌለው ግንብ፣ በማግስቱ ማንም ሳይቆፍር ይለያሉ።

ሕጉም የሚረዳው እስከ ተወሰነ ቁመት ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መነሻ የሆነው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ፣ ከመሠረቱ ግርጌ እስከ አናቱ ከ4 ጫማ፣ ከ1.2 ሜትር የማይበልጥና ከላዩ ሌላ ጭነት የሌለበት መደገፊያ ግንብ ያለ ፈቃድ እንዲሠራ ይተወዋል። በእንዲህ ያለ ግንብ ማዕዘኑን የሚገምት መሐንዲስ የለም፤ መዶሻም አይወድቅም፣ ሳጥንም አይገፋም። በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ ሥራ ነው። ቱቦው በጠጠር ውስጥ ተቀብሮ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጫፉ ከግንቡ እግር በአንድ ጎን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወጣል። በኖቬምበር የኦክ ቅጠል ሲረግፍ መጀመሪያ የሚደፈነው ያ ጫፍ ነው፤ ለመጥረግ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።